38 ዓመት በመጠመቂያው ዳር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ይባላል። ቃሉ የግእዝ ሲሆን ድውይ፣ በደዌ የተያዘ ማለት ነው እንጂ የሰውዬው የተጸውዖ ስም አይደለም። ወንጌላዊው ዮሐንስ ስሙን አልጻፈልንም፤ አገሩንና ወገኑንም አልነገረንም። የነገረን የመከራውን ዘመን ነው፤ 38 ዓመት። ቅዱስ ያሬድ የጾሙን ሰንበታት በየስማቸው በዜማ ሲያከብር ለዚህ ስም ለሌለው በሽተኛ አንድ ሙሉ ሳምንት ሰጠው።

ስለዚህ ሰው የምጽፈው ሊቅ ሆኜ አይደለም። በሳምንቱ ቀናት በጄፒ የምነግድ፣ በሰንበት ደግሞ ከአባቶች የተማርሁትን ለወጣቶች የማካፍል ሰው ነኝ። (ጎዳናው እ.ኤ.አ. በ2014 ራሂማ ሙሳ ተብሎ ቢሰየምም እኛ ዛሬም ጄፒ ነው የምንለው።) ብዕር ያነሣሁት፣ በ2012 ዓ.ም. በመጻጉዕ ሰንበት በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ያስተማርሁት ትምህርት ጎደሎ ስለ ነበረ ነው። በዚያ ቀን የሰማችሁኝ ብዙዎቻችሁ ዛሬም አብራችሁን አላችሁ፤ ስለዚህ ዕዳ አለብኝ።

ታሪኩ በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 5 ከቁጥር 1 እስከ 15 ይገኛል። ጌታችን በአይሁድ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ወጣ። በበጎች በር አጠገብ አንዲት መጠመቂያ ነበረች፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቤተ ሳይዳ ተብላ ተጠርታለች። አምስት መመላለሻዎች ነበሩባት፤ በእነዚያም ዕውሮች፣ አንካሶች፣ ሰውነታቸው የሰለለ ብዙ ድውያን ተኝተው የውኃውን መናወጥ ይጠባበቁ ነበር። መልአክ ወርዶ ውኃውን ባናወጠው ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ የገባው ይፈወሳል፤ ሁለተኛው ግን ሌላ ቀን ይጠብቃል።

ይህ ሥፍራ በኢየሩሳሌም በጥንታዊቱ ከተማ፣ በአንበሶች በር አቅራቢያ፣ በቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ በቁፋሮ ተገኝቷል። ጎን ለጎን የተሠሩ ሁለት ጥልቅ ኵሬዎች ናቸው፤ በመካከላቸው ወፍራም ግንብ አለ። አራቱ መመላለሻዎች ዙሪያውን ሲሆኑ አምስተኛው በመካከለኛው ግንብ ላይ እንደ ነበረ የመረመሩት ሊቃውንት ያስረዳሉ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ልቤን የያዘው የዐምዶቹ ነገር አልነበረም፤ የጥልቀቱ ነገር ነበር። ወደ ውኃው የሚደረሰው ወርዶ ነው። እግሩ የማይታዘዝለት ሰው የሚድንበትን ውኃ ከላይ ሆኖ ያየዋል፤ ሊደርስበት ግን አይችልም።

38 ዓመትስ ምን ያህል ነው? ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ጀምረን ብንቆጥር የምንደርሰው 2004 ዓ.ም. ላይ ነው። በአብዮቱ ዓመት የተወለደ ሕፃን የልጆች አባት ሆኖ ጸጉሩ ገብስማ እስኪሆን ድረስ ማለት ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 2 ቁጥር 14 እንደ ተጻፈውም እስራኤል ከቃዴስ በርኔ ተነሥተው የዘሬድን ወንዝ እስኪሻገሩ ድረስ በምድረ በዳ የዞሩበት ዘመን ልክ 38 ዓመት ነበር፤ በዚያ ዘመን አንድ ትውልድ ሙሉ አለቀ።

እኛ የዚህ ከተማ ነዋሪዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የደቡብ አፍሪካ የስደተኞች ሕግ እ.ኤ.አ. በ1998 ወጥቶ በ2000 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ፣ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ ጊዜያዊ ወረቀት ይዞ፣ እርሱንም በየጊዜው እያሳደሰ ይኖራል። ስሙ ጊዜያዊ ነው፤ ብዙዎቻችንን ግን ያሸበተን ይኸው ጊዜያዊ ወረቀት ነው። ልጆቻችን ተወልደውበታል፤ ወላጆቻችን ሞተውበታል።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ እናቴ ጥቂት ልናገር፤ መጻጉዕን ያስተማረችኝ እርሷ ናትና።

አዲስ አበባና ጆሐንስበርግ በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1886 የተቆረቆሩ ከተሞች መሆናቸውን ብዙ ሰው አያስተውልም። ጆሐንስበርግን የመሠረታት ወርቅ ነው። አዲስ አበባን ግን ከእንጦጦ ተራራ ቤተ መንግሥቱን ወደ ታች የሳበው ፍል ውኃ ነው፤ ለፈውስ የሚታጠቡበት ውኃ። እኔ ከውኃይቱ ከተማ ወደ ወርቂቱ ከተማ ተሰደድሁ፤ እናቴ በውኃው ዘንድ ቀረች። ቤቷ ሽሮ ሜዳ ነበር። እግሯን ያመማት ስለ ነበረ ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል ትወጣ ነበር፤ መጀመሪያ በእግሯ፣ ኋላ በምርኩዝ፣ በመጨረሻም በሰው ተደግፋ። በልጅነቴ ጆግ ተሸክሜ እከተላት ነበርና ተራ የያዙትን ሰዎች አስታውሳለሁ። ስለ መጻጉዕ የነገረችኝ በዚያ ተራ ላይ ነው። ለእኔ ቤተ ሳይዳ ማለት እስከ ዛሬ ድረስ የባሕር ዛፍ ሽታ ያለበት፣ ነጠላ የለበሱ ሰዎች የተቀመጡበት ቀዝቃዛ ዳገት ነው።

ኋላ ኋላ በዚያ ጠበል የኤች አይ ቪ ሕሙማን በብዛት ይሰበሰቡ ጀመር። በኢትዮጵያ መድኃኒቱ በነጻ መታደል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ በዚያን ጊዜ አንዳንድ ሕሙማን ኪኒን መዋጥ እምነት ማጉደል መስሏቸው አንወስድም አሉ። በሕይወት ሳሉ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም አብሮ ሊወሰድ እንደሚገባ በአደባባይ አስተምረዋል። እናቴ ግን ትምህርቱን ሳትሰማ አንዲትን ልጅ በጎኗ አስቀምጣ ኪኒኗን በጠበሉ ታስውጣት እንደ ነበረ በስልክ አጫውታኛለች። «ውኃውም የእርሱ፣ ኪኒኑም የእርሱ፤ ምን ያጣላቸዋል?» አለችኝ። ልጅቱ ድና ተዳረች። የእናቴ እግር ግን አልዳነም። ለምን አልዳንሽም ብዬ የጠየቅኋት ጊዜ ሣቀች፤ «እኔ ወረፋ አልያዝሁም ልጄ፤ እርሱ ሲመጣ ያለሁበትን ያውቀዋል» አለች። እኔ ይህን የሰማሁት እንደ ሽማግሌ ጨዋታ ነበር።

አሁን ወደ ዕዳዬ ልመለስ። ወደዚህ አገር የመጣሁት በ1994 ዓ.ም. ነው። እናቴን ሳላያት 18 ዓመት አለፈ። በእነዚህ ዓመታት አውሮፕላን በየቀኑ ከጆሐንስበርግ ወደ አዲስ አበባ ሲነሣ እኔ ወጥቼ የምመለስበት ወረቀት አልነበረኝም። በኅዳር ወር 2012 ዓ.ም. የመኖሪያ ፈቃዴ ተሰጠኝ። ለመጋቢት 25 ቀን ቲኬት ቆረጥሁ፤ ሆሣዕናንና ትንሣኤን ከእናቴ ጋር ልውል ነበር። እርሷም ቤቱን አስለቅልቃ መጠበቅ ጀመረች።

መጻጉዕ በዚያ ዓመት መጋቢት 6 ቀን፣ እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2020 ዋለ። እኔ እንዳስተምር ተመድቤ ነበርና ቆሜ እንዲህ አልሁ፦ እግዚአብሔር አይዘገይም፤ የሚቸኩለው ሰው ነው። መጻጉዕ 38 ዓመት ታግሦ ጤናውን አገኘ፤ እኔም 18 ዓመት ታግሼ ይኸው ጊዜው ደርሶ በሩ ተከፈተልኝ። የታገሠ ሁሉ እንደዚሁ ያገኛል። ይህን ብዬ ቲኬቱን ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁ። አንዳንዶቻችሁ እልል አላችሁ።

በዚያው ዕለት ምሽት ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎሳ በቴሌቪዥን ቀርበው በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ብሔራዊ የአደጋ ሁኔታ መታወጁን ተናገሩ። ከመቶ ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ከመጋቢት 18 ቀን ጀምሮ ደግሞ ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ ታዘዘ፤ 21 ቀን የተባለውም ተራዘመ። አውሮፕላኖቹ ቆሙ። ሱቆቻችን ተዘጉ፤ በዕለት ገቢ የሚያድሩት ወንድሞቻችን ምን እንደ ደረሰባቸው ታስታውሳላችሁ። የቤተ ክርስቲያናችን በር ተዘግቶ ትንሣኤን በየክፍላችን ሆነን ዋልን። እናቴ ግን ትንሣኤን አልደረሰችም። በኒቆዲሞስ ማግስት፣ ሰኞ መጋቢት 28 ቀን ዐረፈች። አውሮፕላኑ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ በሦስት ቀን እቀድመው ነበር።

ብዙ ዓመት አውሮፕላን ነበረ፣ ወረቀት አልነበረም፤ ወረቀቱ ሲመጣ አውሮፕላኑ ጠፋ። በዚህ ላይ ስለ እግዚአብሔር ጊዜ ያስተማርሁት ትምህርት ገና አንድ ወር አልሞላውም። ወዳጆቼ በስልክ እያጽናኑኝ «እግዚአብሔር የራሱ ጊዜ አለው፤ ለበጎ ነው» ሲሉኝ የገዛ ቃሌን መልሰው የሚያጎርሱኝ ይመስለኝ ነበር። አልቀየምኋቸውም፤ ሌላ ምን ሊሉኝ ይችላሉ? ነገር ግን ያ ቃል በሐዘንተኛ ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ጸሎት ጀምሬ አቡነ ዘበሰማያትን ሳልፈጽም የተነሣሁባቸው ሌሊቶች ነበሩ፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ እውነት ስለ ሆነ ግን አልሰውረውም።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነውን ልጅ ላንሣ። ከምኖርበት ፎቅ ሁለት እርከን ዝቅ ብሎ ከሌሎች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ ከሐዲያ አገር የመጣ ወጣት ነው። ኬንያን፣ ታንዛንያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን በምድር አቋርጦ ነው የደረሰው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ልጅ አይደለም። ከወረርሽኙ ሁለት ዓመት አስቀድሞ አንድ ማታ በሬን አንኳኩቶ፣ በማግሥቱ ለወረቀቱ ቀጠሮ እንዳለው፣ እንግሊዝኛ እንደማይችልና ሌሊት ወጥቼ አብሬው እንድሰለፍ ለመነኝ። በዚያ ቀን ዕቃ የምረከብበት ቀን ነበር። «አይዞህ፤ እግዚአብሔር የወሰነው ጊዜ አለ፣ ያን ጊዜ ማንም አይዘጋብህም» አልሁት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «እሺ ጋሼ፤ ጊዜ እንኳ አለኝ፤ ያጣሁት ሰው ነው» ብሎኝ ወረደ። እኔም በሩን ዘግቼ ተኛሁ። ብቻውን ሄዶ የተጠየቀውን ሳይረዳ መልስ ሰጥቶ እንደ ተመለሰ በኋላ ሰማሁ።

የወንጌል አስተማሪ ነኝ እያልሁ፣ የመጻጉዕን ቃል በገዛ ደጃፌ ላይ ሰምቼ አላወቅሁትም።

እናቴ ባረፈች ማግሥት ያ ልጅ በደረጃው ወጥቶ መጣ። መቀራረብ የተከለከለበት ጊዜ ስለ ነበረ ወደ ቤት አልገባም። ቡና የያዘ ቴርሞስ በደፉ ላይ አኖረ፤ ራሱም ከመተላለፊያው ማዶ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። «እግዚአብሔር ያጽናህ ጋሼ» ከማለት በቀር አንዳች አልተናገረም። እኔ ከውስጥ፣ እርሱ ከውጭ፣ በሩ ተከፍቶ ያህል ሰዓት ተቀመጥን። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀን መጣ። ስላለፈው ነገር አልወቀሰኝም፤ ስለ እግዚአብሔርም ጊዜ አልሰበከኝም። ሰው ሆነልኝ።

ከዚያ በኋላ ወንጌሉን እንደ ገና አነበብሁት።

መጀመሪያ ያየሁት ይህን ነው። ጌታ ድውዩን መዳን ይወድ እንደ ሆነ ጠየቀው። ሰውዬው አዎን አላለም። ውኃው ሲናወጥ የሚያስገባው ሰው እንደሌለው፣ እርሱ ሲቃረብም ሌላው እንደሚቀድመው ተናገረ። ቀድሞ ይህን መልስ የእምነት ድካም አድርጌ አስተምረው ነበር። አሁን ግን የ38 ዓመት እውነተኛ ታሪክ በአጭሩ የተነገረበት ሆኖ አገኘሁት። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በዮሐንስ ወንጌል ላይ በደረሳቸው ድርሳናት ይህን ሰው ስለ ትዕግሥቱ ያመሰግነዋል፤ ያን ሁሉ ዘመን ተስፋ ሳይቆርጥ ሥፍራውን አለመልቀቁን፣ ሲጠየቅም ሳይሳደብና ሳያማርር በየዋህነት መመለሱን ያደንቃል። ሰው የለኝም ብሎ የተናገረውም ለማን እንደ ሆነ እናስተውል። ስለ እኛ ሰው በሆነው አምላክ ፊት ነው የተናገረው፤ የሚናገረውን ግን አላወቀውም።

ሁለተኛው ነገር፣ ጌታ ከመጠየቁ አስቀድሞ ሰውዬው ብዙ ዘመን እንደ ቆየ ማወቁን ወንጌላዊው መጻፉ ነው። ዘመኑን የቆጠረው ድውዩ ብቻ አልነበረም። ይህን ስደርስበት የእናቴ የወረፋ ጨዋታ ትዝ አለኝና መጽሐፉን ዘጋሁት። ለካስ ጨዋታ አልነበረም።

ደግሞም ጌታ ሰውዬውን ወደ ውኃው አላወረደውም። 38 ዓመት የተመኘው፣ አንድ ሰው ተሸክሞ ወደ መጠመቂያው እንዲጥለው ነበር፤ ያ ምኞቱ እስከ መጨረሻው አልተፈጸመለትም። ጤናው በሌላ በር መጣ። እኔ በትምህርቴ ያልሁት የታገሠ ሰው የጠበቀውን ያገኛል ብዬ ነበር፤ ወንጌሉ ግን እንዲህ አይልም። ሰውዬው ያገኘው ያልጠበቀውን ነው፤ ያዳነውንም ማን እንደ ሆነ ሲጠይቁት ለመናገር አልቻለም ነበር። የትዕግሥቱ ደመወዝ ቢሆን ኖሮ ደመወዙን የሚከፍለውን ባወቀ ነበር።

ቀኑም ሰንበት ነበር። ይህን በትምህርቴ ጨርሶ አልነካሁትም። 38 ዓመት የጠበቀ ሰው አንድ ቀን ቢጨመርበት ምን ይሆናል? በማግሥቱ ቢፈውሰው ኖሮ አልጋህን ለምን ተሸከምህ የሚል ጠያቂ፣ ጌታንም የሚያሳድድ ባልተነሣ ነበር። በዚያው ምዕራፍ በቁጥር 16 እና 18 እንደምናነበው ሊገድሉት መፈለጋቸው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። እንግዲህ ያ ሰዓት ለጌታ የተመቸ ሰዓት አልነበረም፤ መከራን ያመጣበት ሰዓት ነበር። ስለ እግዚአብሔር ጊዜ ስንናገር ከሩቅ ሆኖ ሰዓቱን እየተመለከተ ዝም የሚልን ዳኛ የምናስብ ብዙዎች ነን፤ እኔም እንዲሁ ነበርሁ። በቤተ ሳይዳ የታየው ግን በድውያን መካከል በእግሩ ሲሄድ፣ ጎንበስ ብሎ ሲጠይቅ፣ ስለ መልሱም ዋጋ ሲከፍል ነው።

አንድ የሚከብደኝ ነገር ቀርቷል፤ ዘልዬው ማለፍ አልፈልግም። በመመላለሻዎቹ ብዙ ድውያን ተኝተው ነበር፤ በዚያን ቀን የተነሣው አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት አልጋውን ተሸክሞ ሲወጣ ተኝተው አዩት። ስለ እነርሱ አንድ ቃል አልተጻፈም። ስናስተምር ከዳነው ጋር ተነሥተን እንወጣለን፤ ከቀሩት ጋር የሚቀመጥ የለም። እኔም መጋቢት 6 ቀን ቲኬቴን ከፍ አድርጌ ሳሳይ በመካከላችሁ ወረቀቱ ያልመጣለት፣ ልጁ በበረሓ የቀረበት፣ ዓመታት ልጅ ለምና ያላገኘች እንደ ነበረች አላሰብሁም። እልል ያሉትን ሰማሁ፤ ዝም ያሉትን አላየሁም። እነዚያን ዛሬ ይቅርታ እለምናለሁ። እናቴ በሦስት ቀን ለምን እንዳመለጠችኝ አላውቅም፤ ለበጎ ነው የሚል ትርጓሜ በአፏ ላይ ልጨምርባት አልፈልግም። የማምነው ይህን ነው፤ እርሱ ሲመጣ ያለችበትን ያውቀው ነበር።

አባቶቻችን በትውፊት የሚነግሩን ሌላ ነገር አለ። በሊቀ ካህናቱ ፊት ጌታን በጥፊ የመታው፣ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ቁጥር 22 የተጻፈው ሎሌ፣ ይኸው መጻጉዕ ነበር ይላሉ። በቤተ መቅደስ ባገኘው ጊዜ ከቀድሞው የከፋ እንዳይደርስበት ዳግመኛ እንዳይበድል ያስጠነቀቀው ስለዚህ ነው ሲሉ ያስተምራሉ። በልጅነቴ ይህን ስሰማ ሰውዬውን እጅግ እጠላው ነበር። 38 ዓመት ሰሎ የነበረ እጅ ያዳነውን ሊመታ እንዴት ተነሣ እል ነበር። አሁን ግን ያን ያህል አይገርመኝም። ወረቀታችን ከመጣ በኋላ ከዚህ መኻል ከተማ ወጥተን ግቢ ያለው ቤት ገዝተን፣ የወንድሞቻችንን ስልክ ማንሣት ያቆምን ጥቂቶች አይደለንም። መጠበቅ ብቻውን ሰውን ደግ አያደርገውም፤ ማግኘትም አያደርገውም። እጄ የዳነች ዕለት ምን እንደ ሠራሁባት በሬን ያንኳኳው ልጅ ያውቃል።

እርሱ ዛሬም ይጠብቃል። ጊዜያዊውን ወረቀት ያሳድሳል፤ ጉዳዩ እንደ ገና እንዲታይለት ያመለከተው ማመልከቻም ገና መልስ አላገኘም። ባለፈው የጾም ወራት ቀጠሮ በደረሰው ጊዜ ሌሊቱን አብረን ወጣን። በዚህ አገር መጻጉዕ የሚውለው በበልግ ቅጠል መርገፊያ ነውና ንጋቱ ይቀዘቅዛል። ቴርሞሱን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ከፊታችን ከኮንጎ የመጣች ሴት ሕፃን አዝላ ቆማ ነበር፤ እርሷም እኛም የየራሳችንን ቋንቋ ስለምናውቅ በእጅ ምልክት ተነጋገርንና ከቡናው ቀዳንላት። ስሙ ሲጠራ አብሬው ገብቼ የተጠየቀውን በአማርኛ ነገርሁት፤ እርሱም የመንገዱን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተናገረ። ስድስት ዓመት ጎረቤቴ ሆኖ ያን ታሪክ ሙሉውን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

በዚያ ቀን የተወሰነ ነገር የለም። ሌላ ቀጠሮ ሰጡት። በታክሲ ስንመለስ ቀኑን በስልኬ ላይ መዘገብሁት፤ ዕቃ የምረከብበት ቀን ላይ ነው የዋለው፤ ሐሙስ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።